ያማረ ፊት ማስረጃ አይሆንም

የታመመ ሰው ከእንጀራ ይልቅ ተስፋ ይርበዋል። ሐኪም ያዘዘለትን ሲውጥ፣ ጎረቤት የነገረውን ሲጠጣ፣ ዘመድ ያመጣለትን ሲቀባ የሚውለው አእምሮ ጎድሎት ሳይሆን መዳን ፈልጎ ነው። ስለዚህ በታመመ ሰው መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ይህን የተስፋ ረኀብ አይቶ በዚያው ላይ ገበያ የሚዘረጋ ሰው ሲገኝ፣ የዚያን ሰው ቃል መመርመርና በሚዛን ማስቀመጥ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።

በዘመናችን ይህ ገበያ የሚዘረጋው በየኪሳችን በሚገኘው ስልክ ውስጥ ነው። ሻጩም ሥር ምሶ ቅጠል በጥሶ የሚያመጣ ሽማግሌ አይደለም፤ ወጣት፣ መልከ መልካም፣ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ተከታይ ያለው ዝነኛ ነው። የሕክምና ትምህርት አልተማረም። ከየት አወቅኸው ተብሎ ሲጠየቅ «ከራሴ ሕይወት» ብሎ ይመልሳል። «ታምሜ ነበር፤ እንዲህ በላሁ፤ እንዲህ ጠጣሁ፤ እነሆ ፊቴን እዩት» ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ይህን መልስ ነው። የአንድ ሰው ሕይወት፣ ያውም ያማረ ፊቱ፣ ለሌላው ሰው መድኃኒት ማስረጃ ሊሆን ይችላልን? ለምርመራው በአውስትራሊያ አገር ስማቸው የገነነ የሁለት ወጣት ሴቶችን ታሪክ እወስዳለሁ። ነገራቸው በአደባባይ የታወቀ ነው፤ ዓመቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያይቱ ቤል ጊብሰን ትባላለች። በ2009 የአንጎል ካንሰር ተገኘብኝ፤ ሐኪሞችም ከ6 ሳምንት እስከ 4 ወር ብቻ ትኖሪያለሽ አሉኝ እያለች ትናገር ነበር። ኬሞቴራፒና የጨረር ሕክምና ጀምራ እንደ ተወችው፣ ከዚያ ወዲህም በምግብና በተፈጥሮ ዘዴ ራሷን በራሷ እያዳነች እንደ ሆነ በኢንስታግራም ታስተምር ነበር። በ2013 «ዘ ሆል ፓንትሪ» የሚባል፣ ትርጓሜውም «ሙሉው ጓዳ» የሆነ፣ የምግብ አሠራር የሚያስተምር አፕሊኬሽን አወጣች። ከ200,000 ጊዜ በላይ በየሰው ስልክ ተጫነ። አፕል የተባለው ታላቅ ኩባንያ አመስግኖ መረጠው። በ2014 ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ በዚሁ ስም የምግብ መጽሐፏን አተመላት። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያው ኮስሞፖሊታን መጽሔት ሸለማት።

የመጽሐፉን ባልትና ብቻ ያየን እንደ ሆነ የሚነቀፍ ብዙ ነገር የለበትም። አትክልትና ፍራፍሬ ያበዛል፤ የተጣራ ስኳርን ያስቀራል። አትክልት መብላት መልካም ነው፤ ስኳር ማሳነስም መልካም ነው፤ ይህን የሚክድ ሐኪም የለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ የምግብ መጽሐፍ በየመደብሩ ሞልቷል። ይህን ከሌሎቹ የለየው በውስጡ ያለው ምግብ ሳይሆን ምግቡን ተደግፎ የቆመው የደራሲይቱ የሕይወት ታሪክ ነው። ታሪኩን ገንጥለህ ብትጥለው የሚቀረው ተራ የወጥ ቤት መጽሐፍ ነው፤ ታሪኩ ሲኖርበት ግን እያንዳንዱ ሰላጣ መድኃኒት፣ እያንዳንዱ ጭማቂ የሞት ማምለጫ ሆኖ ይታያል። የመጽሐፉ ዋና ነውር ይህ ነው። ሐሰት ብቻውን ሩቅ መንገድ አይሄድም፤ እውነት ሲያዝለው ግን አገር ያቋርጣል። «አትክልት ብላ» የሚለው እውነት «ሐኪም ቤት ቅር» የሚለውን ሐሰት አዝሎ ተሻገረ።

በማርች 2015 ዘ ኤጅ የተባለው የሜልቦርን ጋዜጣ፣ ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ ብላ ከሕዝብ የሰበሰበችው ገንዘብ ለተባሉት ድርጅቶች እንዳልደረሰ ገልጦ ጻፈ። ስለ ገንዘቡ መጠየቅ የጀመሩ ሰዎች ቀጥለው ስለ በሽታው ጠየቁ። በሚቀጥለው ወር ለአንድ የሴቶች መጽሔት በሰጠችው ቃል ካንሰር ይዟት እንደማያውቅ አመነች። በኋላ እንደ ተገለጠውም፣ በ2011 የተደረገላት የአንጎል ምርመራ ምንም ዕጢ እንደሌለባት አሳይቶ ነበር።

በ2017 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ዴብራ ሞርቲመር ሕዝብን አሳስታለች ሲሉ ፈረዱባት፤ የገንዘቡም ቅጣት 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ሆነ። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ክፍል፣ ማለት 150,000 ዶላር፣ በአንድ ሕፃን ምክንያት የተቆረጠ ነው። ይህ ልጅ በቀዶ ጥገና ሊወጣ የማይችል እውነተኛ የአንጎል ዕጢ ነበረበት። የአንድ ሳምንት ሽያጬን በሙሉ ለቤተ ሰቡ እሰጣለሁ ብላ አፕሊኬሽኑን ሸጠች፤ ገንዘቡ ግን ለቤተ ሰቡ አልደረሰም። ያልታመመችው ሴት በታመመው ልጅ ስም ነገደች ማለት ነው። የአገራችን ሰው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላል፤ የሌለውን በሽታ አለብኝ የሚል ሰው ይነሣል ብሎ ግን ያሰበ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ መጠየቅ የሚገባን ሴቲቱን ብቻ አይደለም። አሳታሚው የታወቀ ነው፤ ኩባንያው ከዓለም ባለጠጎች አንዱ ነው፤ መጽሔቶቹም ብዙ የተማሩ ሠራተኞች ነበሯቸው። የሐኪም ወረቀት አሳዪን ብሎ በጊዜው የጠየቃት ቢኖር ነገሩ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። ፔንግዊን የደራሲይቱን ቃል ሳያጣራ በማተሙ በ2016 ለሸማቾች ሕግ ፈንድ 30,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ታዲያ ይህን ሁሉ የተማረ ሰው ከመጠየቅ ያገደው ምንድን ነው? ይሉኝታ ነው። እሞታለሁ የምትልን ወጣት ሴት ማስረጃ አምጪ ማለት ጭካኔ መስሎ ታያቸው። ከትርፉ ጋር ይሉኝታው ሲጨመርበት አፋቸው ተዘጋ።

የተሸሸገው የመጀመሪያ አደጋ እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ሐኪም «ይህ መድኃኒት ይሠራል» ቢል፣ አይሠራም ብለህ ልትከራከረው ትችላለህ፤ የተከራከርኸው በመድኃኒቱ ነው እንጂ በሰውየው አይደለምና። የጤና ዝነኛው ግን መድኃኒቱን ከራሱ ሥቃይ ጋር አንድ አድርጎ ስለ ሰፋው፣ መድኃኒቱን የጠየቀ ሁሉ ሥቃዩን የናቀ ይመስላል። ተከታዩም ከመጠየቅ ዝምታን ይመርጣል። ዝምታው ሲለመድ ደግሞ የመጠየቅ ችሎታው ራሱ ይዝጋል።

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት እዚህ ላይ «ይህችስ ውሸታም ነበረች፤ እኔ ከውሸታም ተጠብቄ ቅን የሆነውን እከተላለሁ» ትል ይሆናል። ሁለተኛይቱን ሴት ያመጣኋት ስለዚህ ነው።

ጄሲካ ኤንስኮ ለወጣት ልጃገረዶች በሚታተም መጽሔት ላይ የምትሠራ ጋዜጠኛ ነበረች። በ2008፣ ገና በ22 ዓመቷ፣ በግራ ክንዷ ላይ ኤፒቴልዮይድ ሳርኮማ የሚባል ብርቅ ካንሰር ተገኘባት። ይህች አልዋሸችም፤ በሽታዋ እውነት ነበር። ሐኪሞች ክንዷን ከትከሻው ለመቁረጥ አሰቡ፤ ከዚያ አስቀድሞ በክንዷ ብቻ እንዲዞር የተደረገ ኬሞቴራፒ ተሰጣት። ካንሰሩ ጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ። ያን ጊዜ ክንዷን ከማጣት ሌላ መንገድ መረጠች። ማክስ ጌርሰን የተባለ በ1959 የሞተ ሐኪም ያወጣውን ሥርዐት ያዘች። ይህም ሥርዐት በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ፣ በቀን እስከ 13 ብርጭቆ ጭማቂ መጠጣትን፣ በቀን እስከ 5 ጊዜም የቡና ሁቅና መውሰድን ያዝዛል። ቡናን አፍልቶ እንግዳ በማክበር የሚያውቀው ያገራችን ሰው ይህን ሲሰማ ይደነቅ ይሆናል፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ሁቅናው የደምን ጨዋማ ንጥረ ነገር አዛብቶ ሰው እንደ ገደለ በሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፏል። ሥርዐቱ ካንሰርን ማዳኑን ግን ያረጋገጠ ምርመራ የለም።

ጄሲካ «የጤና አርበኛ» በሚል ስም በኢንተርኔት ትጽፍ ጀመር። በየአዳራሹ ተናገረች፤ መጽሐፍ አሳተመች፤ ብዙ ሺሕ ሰው ተከተላት። እናቷም የጡት ካንሰር በያዛቸው ጊዜ የልጃቸውን መንገድ ተከተሉ፤ በ2013 ሞቱ። ልጂቱ በ2014 ለወራት ከብብቷ ደም ይፈስስ ነበር፤ ይህን ለተከታዮቿ ገልጣ የጻፈችው ግን በዲሴምበር ወር ነው። በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015፣ በ29 ዓመቷ ዐረፈች። በቀብሯ ላይ ከተገኙት ለቀስተኞች አንዷ ቤል ጊብሰን ነበረች። ጋዜጣው የጊብሰንን ነገር ያወጣውም ከዚያ ቀብር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው።

ክንዷ ቢቆረጥ ኖሮ ያለ ጥርጥር ትድን ነበር ብሎ የሚምል ሐኪም አይገኝም። ነገር ግን ከቀረቡላት መንገዶች የሚበልጥ ተስፋ የነበረው ያ ነበር። እኔም በዚህች ወጣት ላይ ድንጋይ አልወረውርም፤ በ22 ዓመት ክንድን መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ በ2014 እነዚህን ሁለት ሴቶች በስልኩ መስተዋት ላይ ያየ ተከታይ ማን እውነተኛ፣ ማን ሐሰተኛ እንደ ሆነች ሊለይ አይችልም ነበር። ሁለቱም ወጣቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ያማሩ ነበሩ፤ ሁለቱም ጭማቂ በብርጭቆ ይዘው ፈገግ ይሉ ነበር። ከሁለቱም ጤነኛዋ ዋሾይቱ ነበረች፤ የምትሞተውም ቅኒቱ ነበረች። እንግዲህ ያማረው ፊት የመሰከረው ምንድን ነው? ምንም።

ስለዚህ «ሰውየው ቅን ነው ወይስ ውሸታም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢው ጥያቄ አይደለም። በሒሳብ ክፍል አንድ ተማሪ ተነሥቶ መልሱ 12 ነው ቢል፣ መምህሩ የልጁን ጠባይ አይመረምርም፤ ጠመኔ ይሰጠውና «ሥራህን በሰሌዳው ላይ አሳየን» ይለዋል። ጠባዩ እጅግ ያማረ ልጅ ሊሳሳት ይችላል፤ ባለጌውም ልጅ ትክክል ሊያገኝ ይችላል። ቅንነት የልብ ነገር ነው፤ የመድኃኒት መሥራትና አለመሥራት ግን የሥጋ ነገር ነው። ካንሰር የሰውን ቅንነት አይቶ አይምርም።

የጤና ዝነኛ ሥራውን በሰሌዳ ላይ አሳይ ቢባል ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ከሦስቱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ ዕጢ ሁሉ በአንድ ፍጥነት አያድግም። የጄሲካ ዓይነቱ ካንሰር ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ በሽታው ባዘገመባቸው ዓመታት ውስጥ የሚጠጣ ጭማቂ ሁሉ «አዳነኝ» ይባልለታል። ሁለተኛው፣ አንዳንዱ ሰው ዕጢውን በቀዶ ጥገና ካስወጣ በኋላ ኬሞቴራፒውን ብቻ ይተውና በምግብ ዳንሁ ይላል። ያዳነው ግን ቢላዋው ሊሆን ይችላል፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሰጥ ኬሞቴራፒ በሽታው እንዳይመለስ የሚጨመር መጠባበቂያ ነውና። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሙታን አይመሰክሩም። አንድ መቶ ሰዎች አንዱን ሥርዐት ይዘው ሰማንያው ቢሞቱ፣ በስልክ ላይ ወጥተው የሚናገሩት የተረፉት ሃያው ናቸው፤ ሰማንያዎቹ ገጽ የላቸውም፤ ተከታይም የላቸውም።

ሙታንን ጭምር የሚቆጥር አሠራር የሳይንስ አሠራር ብቻ ነው። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ካንሰራቸው ገና ሩቅ ሳይዛመት የተለመደውን ሕክምና ትተው ሌላ ዘዴ ብቻ የመረጡ 281 ሕሙማንን፣ ሕክምናውን ከወሰዱ 560 ሕሙማን ጋር አስተያዩ። ሕክምናውን የተዉት ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከወሰዱት ሰዎች 2 ጊዜ ተኩል በለጠ። የጡት ካንሰር የያዛቸው ሴቶች ዘንድ ደግሞ ከ5 ጊዜ በላይ ሆነ። በፕሮስቴት ካንሰር ግን በጥናቱ ዘመን ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት አልታየም፤ ይህ ካንሰር በብዙ ሰው ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነውና። ልብ በሉ፤ ከላይ ያልነው የአዝጋሚው በሽታ ማታለል በዚህም ይታያል። እንዲህ ያለው ሰው ቅጠል በልቼ ዳንሁ ቢል ቅጠሉ ሳይሆን ጊዜው ነው ያቆየው።

ሌላም የተሸሸገ አደጋ አለ፤ እርሱም ተከታዮች በመምህራቸው ላይ የሚያመጡት ነው። ጤናውን ሸጦ የሚኖር ሰው መታመም አይፈቀድለትም። ብዙ ሺሕ ሰው «አንቺን አይተን ተጽናናን» ሲላት፣ ጄሲካ ደም እየፈሰሳት መሆኑን መናገር ምንኛ ከብዷት ይሆን! ሐሳቧን ልትለውጥ ብትፈልግ ንግዷ፣ ስሟና የተከታዮቿ ተስፋ ሁሉ በፊቷ እንደ ግንብ ይቆማሉ። እንዲህ ተከታይ መሪውን፣ መሪውም ተከታዩን ያስራል። ሐኪም በሽተኛው ባይሻለው መድኃኒቱን ይለውጣል፤ ዝነኛው ግን መለወጥ ስለማይችል በሽተኛውን ይወቅሳል። «በደንብ አልያዝኸውም፤ አንድ ቀን ስኳር ቀምሰሃል፤ እምነትህ ጎድሏል» ይለዋል። ምስኪኑም በሽታው ሳያንሰው የበደለኛነትን ሸክም ተሸክሞ ይሞታል።

ይህን ስል የሐኪሞችን ጥፋት ልሸፍን አልፈልግም። ሰው ከሐኪም ወደ ዝነኛ የሚሸሸው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐኪም ቤት ግማሽ ቀን ተሰልፎ የዋለ ሰው ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ያህል ይታያል፤ ሐኪሙ ወረቀቱን እንጂ ፊቱን አያየውም፤ የማያውቀውን ቃል ተናግሮ ያሰናብተዋል። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ ሥቃይም አለበት፤ እውነተኛ ሐኪም ደግሞ በእርግጥ ትድናለህ ብሎ አይምልም። ዝነኛው ግን በየማለዳው በስልኩ ውስጥ «ወዳጄ፣ እንዴት አደርህ?» ይለዋል። ሐኪሙ ማስረጃ ይዞ ፍቅር ጎደለው፤ ዝነኛው ፍቅር መስሎ ማስረጃ ጎደለው። ሐኪሞቻችን በሽተኛን ማነጋገር ሊማሩ ይገባቸዋል። ቢሆንም በደግ ቃል የተሰጠ መርዝ ማር አይሆንም።

ስልክ የአገር ድንበር አያውቅምና ይህ ነገር የአውስትራሊያ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በራሳችን ቋንቋ የሚናገር እንዲህ ያለ መምህር በፊታችሁ በወጣ ጊዜ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁት። በሽታህን ማን መረመረው? ወረቀቱስ የታለ? ከምግቡ ሌላ ቀዶ ጥገና ወይም ሌላ ሕክምና አድርገሃልን? አንተ ያደረግኸውን አድርገው ያልዳኑ ሰዎችስ ስንት ናቸው? እኔ ባምንህ አንተ ምን ታተርፋለህ? እውነተኛ ሰው እነዚህን ሲሰማ አይቈጣም። የሚቈጣ ከሆነ ቍጣው ራሱ መልስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሁሉን እንዲፈትኑ ሲመክራቸው ትንቢትን እንኳ ከፈተና ውጭ አላደረገም፤ ትንቢት የሚፈተን ከሆነ የጭማቂ ስብከትማ እንዴት አይፈተን?

አትክልቱን ብሉ፤ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፤ እንቅልፋችሁን ጠብቁ፤ የሚጸልይም ይጸልይ። ከእነዚህ አንዱም ከሕክምና ጋር አይጣላም። ቅጠላ ቅጠል የምትወስዱ ከሆነ ግን ለሐኪማችሁ ሳትሸሽጉ ንገሩት፤ ከመድኃኒት ጋር የሚጋጭ አለና፤ ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬ እንኳ የአንዳንዱን መድኃኒት ኀይል በደም ውስጥ ከልክ በላይ ያበዛዋል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምላችሁ ግን የታመመ ዘመድ ወይም ጎረቤት ሲኖራችሁ ከስልኩ ጋር ብቻውን እንዳትተዉት ነው። በጨለማ ብቻውን የተቀመጠ ሰው መብራት የያዘውን ሁሉ ይከተላል። አብራችሁት ሐኪም ቤት ሂዱ፤ በሰልፉ አብራችሁት ቁሙ፤ ሐኪሙ የተናገረው ያልገባው እንደ ሆነ ስለ እርሱ ጠይቁለት፤ የታዘዘለትንም ጽፋችሁ ያዙለት። ማታም ሄዳችሁ እንዴት ዋልህ በሉት።